ሁለት ዱላ፣ አንድ ስም

(አዲስ አበባ፣ የጎልፍ መለማመጃ ሜዳ፣ ኅዳር ወር፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፤ ጡረታ የወጡት አቶ ውብሸትና የሜካኒካል ምህንድስና መምህርት የሆነችው ልጃቸው ሕሊና፣ በመካከላቸው ኳስ የሞላበት አንድ ቅርጫትና ሁለት ረጃጅም የጎልፍ ዱላዎች።)

ውብሸት፦ አልፈልገውም አልኩሽ እኮ። ስጦታ አይመለስም የሚለውን ለሌላ ሰው ንገሪ። ይኼ ዱላ ዛሬውኑ ከቦርሳዬ ይውጣ።

ሕሊና፦ ምን አደረገህ?

ውብሸት፦ ምን ያላደረገኝ አለ? ኳሴን ሁሉ ወደ ግራ እየወሰደ አጥሩ ሥር ይደፋብኛል። ነገ ጠዋት ከይርዳው ጋር ነው የምጫወተው። ከሌላ ሰው ጋር ቢሆን ዝም እል ነበር።

ሕሊና፦ ከጋሽ ይርዳው ጋር ስትጫወት ኖረህ የለ? የነገው በምን ተለየ?

ውብሸት፦ እንደማያውቅ ሰው ትጠይቂያለሽ? ያሸነፈው ልጅሽን ይሰይማል። እኔ ካሸነፍኩ በእናቴ ስም የውብዳር ትባላለች። የባልሽ አባት ካሸነፈ በእሱ እናት ስም አስካለ ትሆናለች። ክርስትናዋ እሑድ ነው፤ ከነገ ሌላ ቀን የለንም።

ሕሊና፦ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የወለድኳት። ከረሳኸው ብዬ ነው።

ውብሸት፦ አሽሙሩን ተይው። ተደብቀን አልተስማማንም፤ አንቺው ፊት ነው የተጨባበጥነው።

ሕሊና፦ ልክ ነው። አራስ ቤት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ገንፎዬን ስበላ፣ እናንተ ከበላዬ ተጨባበጣችሁ። አንዳችሁ ክርናችሁን ሳህኔ ላይ አሳርፋችሁ ነበር።

ውብሸት፦ እሱ ይርዳው ነው።

ሕሊና፦ ቅቤው የተገኘው ያንተ እጅጌ ላይ ነው። ለማንኛውም አንድ ኳስ ምታና ልየው። ሳላይ አልፈርድም።

ውብሸት፦ እዪ እንግዲህ። ዓይንሽን ከኳሱ ላይ እንዳታነሺ... አየሽ? ምንም ሳይታጠፍ፣ ቀጥ ብሎ ግራ።

ሕሊና፦ አየሁ። ጥሩ ምት ነው።

ውብሸት፦ አጥር ውስጥ ገብቶ?

ሕሊና፦ ቀጥ ብሏላ። አንተ ራስህ ነህ ያልከው። ለመሆኑ ስትመታ ወዴት እያየህ ነበር?

ውብሸት፦ ሁልጊዜ ወደማየው ነዋ። ያ ፎቅ ላይ ያለው ጥቁር የውሃ ታንከር ይታይሻል? እሱን ነው የማየው። ታንከሩ ሳይሰቀል ጫፉ የተሰበረውን ባሕር ዛፍ ነበር የማየው፤ ዛፉ ሲቆረጥ አንድ ክረምት ሙሉ ተቸግሬ ነበር።

ሕሊና፦ ኳሱ ሊያርፍበት የሚገባው ባንዲራ ያለው ግን ከታንከሩ በስተቀኝ ነው።

ውብሸት፦ ባንዲራውን የሚያይማ ጀማሪ ነው። የኔ ኳስ ወደ ታንከሩ ይሄድና መንገድ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። ወደ ቀኝ ይታጠፍና ባንዲራው እግር ሥር ይወርዳል። ሰው ቆሞ ነው የሚያየው።

ሕሊና፦ እስቲ በአሮጌው ምታ።

ውብሸት፦ አሮጌ አትበይው፤ ይሰማል። በይ ተመልከቺ... ግራ... ግራ... አሁን ዞረ። የት ወረደ?

ሕሊና፦ ባንዲራው ጋ።

ውብሸት፦ ባንዲራው ጋ። ሌላ የምትጠይቂው አለ?

ሕሊና፦ የምነግርህ አለ። ይኼ እንደሚሆን ዱላውን የሰጠሁህ ቀን ነግሬህ ነበር። አልሰማኸኝም።

ውብሸት፦ ምን ብለሽ?

ሕሊና፦ «አባዬ፣ በዚህኛው ስትመታ ታንከሩን ተውና ወደ ባንዲራው ዙር» አልኩህ። አንተ ደግሞ «እኔን ጎልፍ ልታስተምሪኝ ነው?» ብለህ ስልክ አነሳህ።

ውብሸት፦ ስልክ ተደውሎልኝ ነዋ።

ሕሊና፦ አንተ ነህ የደወልከው።

ውብሸት፦ እሺ፣ አሁን ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው። በዱላና በዱላ መካከል ይኼን ያህል ልዩነት ከየት መጣ? ሁለቱም ዘንግና ራስ ናቸው። እጁም ያው የኔ እጅ ነው።

ሕሊና፦ እጅህን ምንም አላልኩም። እጅህ ግን አንድ ጠባይ አለው። ስትመታ ከውጭ ወደ ውስጥ ትቆርጣለህ፤ ዱላው ኳሱን አልፎ ወደ ግራ ነው የሚሄደው።

ውብሸት፦ ይርዳውም እንደዚያ ይለኛል። ከቅናት ይመስለኝ ነበር።

ሕሊና፦ አሁን ይኼን ሁለት ነገር ለይተህ ስማኝ። ኳስ ስትነሳ የምትሄደው የዱላው ፊት፣ ኳሷን የሚነካው ጎኑ፣ ወዳየበት ነው። የምትታጠፈው ደግሞ የዱላው ፊትና የእጅህ መንገድ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። እጅህ ወደ ግራ ይሄዳል፣ የአሮጌው ዱላ ፊት ግን ወደ ቀኝ ከፈት ብሎ ይዘገያል። ኳሷ በመሃላቸው ተፈትላ ትወጣለች።

ውብሸት፦ ልክ በእግር ውጪኛው ጎን እንደተመታች ኳስ።

ሕሊና፦ ልክ እንደዚያ። ዱላህ የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ ያውም በየምቱ።

ውብሸት፦ እሺ። ፊቱ ለምን ይዘገያል? እኔ አልያዝኩት።

ሕሊና፦ ጣትህን እዚህ አሳርፍ። የአሮጌውን ራስ ዳብሰው። ክብደቱ ወደየት ነው?

ውብሸት፦ ወደ ጫፉ። ወደ አፍንጫው።

ሕሊና፦ ዘንጉን እንደ በር ማጠፊያ ቁጠረው፤ ራሱ በሩ ነው። ከባዱ ነገር የተንጠለጠለው ከማጠፊያው ርቆ ከሆነ በሩ ቶሎ ይዘጋል?

ውብሸት፦ አይዘጋም። የድሮው ቤታችን የጓሮ በር እንደዚያ ነበር። እናትሽ በትከሻዋ ነበር የምትገፋው።

ሕሊና፦ አሮጌው ዱላህ ያ በር ነው። ኳሱ ጋ ሲደርስ ገና አልተዘጋም። አሁን አዲሱን ዳብሰው።

ውብሸት፦ ይኼ ወደ ዘንጉ ነው የሚከብደው። ወደ ተረከዙ።

ሕሊና፦ ስለዚህ ቶሎ ይዘጋል። ፊቱ ራሱ ከሥሪቱ ትንሽ ወደ ግራ ዞሯል። ዘንጉም ለስለስ ይላል። ኳሱ ጋ ሲደርስ ፊቱና እጅህ አንድ መንገድ ያዩና ኳሷ የምትታጠፍበት ምክንያት ታጣለች። አንተ ወደ ታንከሩ ላክሃት፣ እሷም ታዝዛ ወደ ታንከሩ ሄደች።

ውብሸት፦ ስለዚህ ዱላው ጥፋት የለበትም ልትዪኝ ነው።

ሕሊና፦ ከሁለታችሁ አንዳችሁ የታዘዘውን አድርጓል። ማን እንደሆነ አልናገርም።

ውብሸት፦ አፍሽ እንደ እናትሽ ነው። ... ቆይ። ቆይ አንቺ።

ሕሊና፦ ምነው?

ውብሸት፦ ዱላውን ከሰጠሽኝ በኋላ ከይርዳው ጋር ሁለት ቅዳሜ ተጫውተናል። ሁለቱንም እኩል ወጣን።

ሕሊና፦ ሰምቻለሁ።

ውብሸት፦ ከይርዳው ጋር እኩል ወጥተን አናውቅም። ወይ አሸንፌው ሳምንቱን ሙሉ ስልክ አያነሳም፣ ወይ አሸንፎኝ በየሰዓቱ ይደውላል። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ድሮ ሜዳውን ጎን ለጎን እየተጨቃጨቅን ነበር የምንሄደው። አሁን እኔ በግራው አጥር ሥር ኳሴን ስፈልግ፣ እሱ በቀኙ አጥር ሥር የራሱን ይፈልጋል። የምንገናኘው ባንዲራው የተተከለበት ቀዳዳ ላይ ስንደርስ ነው። ባለፈው ሳምንት እንደ ጎረቤት በእጄ ሰላም አልኩት።

ሕሊና፦ ጋሽ ይርዳውስ ምን አሉ?

ውብሸት፦ እጁን አወዛወዘ። ... ይርዳው ለምንድን ነው ቀኝ አጥር ሥር የሚገኘው? የሱ ኳስ እኮ ከቀኝ ተነስታ ወደ ግራ ነው የምትታጠፈው። ሕሊና።

ሕሊና፦ አቤት፣ አባዬ።

ውብሸት፦ ለባልሽ አባት ምን ሰጠሻቸው?

ሕሊና፦ ዱላ።

ውብሸት፦ ክብደቱ ወዴት የሆነ ዱላ?

ሕሊና፦ ወደ አፍንጫው። የሳቸው በር ቶሎ እየተዘጋ ነው ኳሳቸውን ወደ ግራ የሚያጥፈው። ቀስ ብሎ የሚዘጋ በር ሰጠኋቸው። አሁን ኳሳቸው ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው።

ውብሸት፦ እሱ ደግሞ ወደ ቀኝ አነጣጥሮ ነው የሚቆመው።

ሕሊና፦ ወደ መኪና ማቆሚያው። እሳቸውንም ወደ ባንዲራው ይዙሩ ብያቸው ነበር።

ውብሸት፦ ምን አለሽ?

ሕሊና፦ «ልጄ፣ አባትሽን ምከሪው» አሉኝ።

ውብሸት፦ አንቺ ልጅ። ያን ቀን ስንጨባበጥ ከአልጋሽ ላይ የሆነ ነገር ጠይቀሽን ነበር። «እኩል ከወጣችሁስ?» አላልሽንም?

ሕሊና፦ ብያለሁ። ሁለታችሁም ሳቃችሁ። ከዚያ ጋሽ ይርዳው «እኩል ከወጣንማ አንቺው ሰይሚያት» አሉ። አንተም «ይሁንላት» አልክ። ሳምሶን ምስክር ነው።

ውብሸት፦ ባልሽ የማን ምስክር እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ሁለት ሽማግሌዎችን አጥር ለአጥር በትነሽ ስም ልትወስጂብን ነው።

ሕሊና፦ አላታለልኳችሁም፣ አባዬ። ሁለቱም ዱላዎች ጥሩ ናቸው፤ ለየእጃችሁ አስለክቼ ነው ያመጣኋቸው። እንዴት እንደምትመቱባቸውም ነገርኳችሁ። እንደማትሰሙኝ አውቅ ነበር፤ እሱን አልክድም።

ውብሸት፦ አሁን ግን ሰማሁሽ።

ሕሊና፦ ሰማኸኝ።

ውብሸት፦ ስለዚህ ነገ ባንዲራውን አይቼ ብመታ...

ሕሊና፦ ታሸንፋለህ። ጋሽ ይርዳው ገና መኪና ማቆሚያውን ነው የሚያዩት። በአሮጌው ዱላህ እንደለመድከው ብትመታም ታሸንፋለህ።

ውብሸት፦ ይኼን ለምን ነገርሽኝ ታዲያ? ዝም ብትዪ አጥሬ ሥር እቀር አልነበር?

ሕሊና፦ ጠየቅኸኛ። ስትጠይቀኝ እንዴት እዋሽሃለሁ?

ውብሸት፦ እስቲ ዘወር በይ። ወደ ባንዲራው ልቁም... እንዴት ይቀፋል። ጫማ ግራና ቀኝ ተቀያይሮ እንዳደረገ ሰው ነው የምሆነው።

ሕሊና፦ ትከሻህንም አዙር። እግርህ ዞሮ ትከሻህ ታንከሩን እያየ ነው።

ውብሸት፦ ትከሻዬ ለምዶ ነው። ... ይኸው።

ሕሊና፦ ኧረ አባዬ።

ውብሸት፦ ዝም በይ፣ ገና አየር ላይ ነች። ... ወረደች። ባንዲራውን አልፋ። ቀጥ ብላ ባንዲራውን አልፋ ሄደች። እንደዚህ ርቃ ሄዳልኝ ታውቃለች?

ሕሊና፦ መታጠፍ ላይ የምታባክነው ጉልበት ነው ወደ ፊት የሄደው።

ውብሸት፦ ይኼን ሁሉ ዘመን እየዞርኩ ነበር የምሄደው ማለት ነው። በይ እንግዲህ የውብዳርን ወደ ቤት እናድርሳት። የት ነች?

ሕሊና፦ መኪና ውስጥ ከሳምሶን ጋር ተኝታለች። አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?

ውብሸት፦ ስለ ዱላ ከሆነ ጠይቂ።

ሕሊና፦ እኔ ስወለድ አባትህ ማን ሊሉኝ ነበር?

ውብሸት፦ ይኼ ስለ ዱላ አይደለም።

ሕሊና፦ በላይነሽ ሊሉኝ ነበር። በእናታቸው ስም።

ውብሸት፦ ማን ነገረሽ? እናትሽ። እናትሽ ምኑን ትታ።

ሕሊና፦ ዘመድ ሁሉ በላይነሽ እያለ ሊመርቅ ተሰብስቦ ነበር አለችኝ። እሷ ጓዳ ሆና «ሕሊና ነው የምላት» አለች። ከዚያ አንተ ሳሎን ወጥተህ ለአባትህ ምን አልካቸው?

ውብሸት፦ ረስቼዋለሁ።

ሕሊና፦ እናቴ አልረሳችውም።

ውብሸት፦ «ያማጠችው ሰይማታለች» አልኩት። ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ ወጣት ብዙ ይናገራል። አባቴ እስከ ፋሲካ አላነጋገረኝም።

ሕሊና፦ ተጸጸትክ?

ውብሸት፦ አልተጸጸትኩም። ስሙ ያምርብሽ ነበር። ... ነገሩን ግን ከዚህ ጋር አታገናኚው። የውብዳር ሌላ ነች። እናቴ ነች፤ አንቺንም በጀርባዋ አዝላሻለች።

ሕሊና፦ አውቃለሁ። ጠረኗ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ነገ አሸንፈህ የውብዳር ብትላት አላኮርፍም። ጋሽ ይርዳውም አስካለ ቢሏት አላኮርፍም ነበር። ዳር ቆሜ ሳያችሁ አንድ ሰው እንኳን «አንቺስ?» አላለኝም፤ ያ ብቻ ነው።

ውብሸት፦ ... አንቺስ?

ሕሊና፦ አሁን ነው?

ውብሸት፦ ዘገየሁ። የኔ በር እንደሚዘገይ አንቺው ነገርሽኝ። ማን ልትያት ነው?

ሕሊና፦ ሐመልማል።

ውብሸት፦ ሐመልማል? ከየት መጣ? ከእኛም ከነይርዳውም ወገን ሐመልማል የሚባል የለም።

ሕሊና፦ ምጥ የጀመረኝ ቀን ትዝ ይልሃል?

ውብሸት፦ ነሐሴ። እዚሁ ሜዳ ላይ። ሐኪሟ ተራመጂ ብላሽ አብረሽን ትዞሪ ነበር።

ሕሊና፦ ሰባተኛው ቀዳዳ አጠገብ አንተና ጋሽ ይርዳው ሣር ውስጥ አንድ ኳስ አገኛችሁ። «የኔ ነች»፣ «የለም የኔ ነች» ጀመራችሁ። እኔን ያዘኝ። ሁለቴ ጠራኋችሁ፣ አልሰማችሁኝም። ሣሩ ላይ ተቀመጥኩና በሁለት እጄ ጨመደድኩት። ዝናብ ጠጥቶ ጉልበቴ ድረስ አድጎ ነበር። ምጡ መጥቶ እስኪያልፍ ከዚያ አረንጓዴ ላይ ዓይኔን አላነሳሁም። ሆስፒታልም ገብቼ ዓይኔን ስጨፍን ይታየኝ ነበር። ወጥታ ደረቴ ላይ ሲያስቀምጧት ሐመልማል አልኳት። አስቤ አይደለም።

ውብሸት፦ እኛ ለኳስ ስንጣላ።

ሕሊና፦ እናንተ ለኳስ ስትጣሉ።

ውብሸት፦ ኳሷ የይርዳው ነበረች። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ አንቺም አትንገሪው።

ሕሊና፦ አልነግራቸውም።

ውብሸት፦ ሳምሶንስ ማን ይላታል?

ሕሊና፦ ሐመልማል። ቤት ውስጥ ሌላ ስም የላትም።

ውብሸት፦ እኛ ስንመጣስ?

ሕሊና፦ እናንተ ስትመጡ ሚጣዬ እንላታለን።

ውብሸት፦ እኔም እኮ ሚጣዬ ሲበዛ ገርሞኝ ነበር። ሐመልማል... ሐመልማል ሳምሶን። ይርዳው ይኼን ሲሰማ ፊቱ ምን ይመስል ይሆን?

ሕሊና፦ አስካለ ያልሆነ ስም ሁሉ ያስቀይማቸዋል። የውብዳር ቢሆን ግን የሠርጋችንን ድንኳን ማን አዘዘ የሚለውን ጭቅጭቅ እንደ አዲስ ያነሱታል።

ውብሸት፦ ድንኳኑን ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ሕሊና፦ አባዬ።

ውብሸት፦ እሺ፣ እሺ። ... እናቴ የውብዳር ብትኖር ምን ትል ነበር መሰለሽ? «የኔን ስም ተዉት፣ እኔ ገና አልጨረስኩበትም» ነበር የምትለው። ... ልጅቷ ነቅታለች መሰለኝ፤ ሳምሶን መኪናውን እየዞረ ነው። በይ እንሂድ። ኳሶቹን ወደ ቅርጫቱ መልሺልኝ።

ሕሊና፦ ዱላዎቹንስ ምን ላድርጋቸው? የቱን ነው ለነገ የምታስቀረው?

ውብሸት፦ አሮጌውን ቤት ውሰጂልኝ። በአዲሱ እጫወታለሁ።

ሕሊና፦ ወደ ባንዲራው ዞረህ?

ውብሸት፦ ወደ ታንከሩ ነው እንጂ፤ ለምን ልዙር? አሁን ደግሞ ለይርዳው ደውዪለትና ውብሸት ብሎሃል በይው፦ ነገ ያንን አዲሱን ዱላውን ረስቶ እንዳይመጣ።